ዕጩ ከየት ይወጣል?

በአረርቲ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር፤ መስከረም 2005

   

ከዒሻ በፊት ያለችውን ጥቂት ጊዜ የለመንናችሁ ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የእኛ አይደለም፤ ከአንድ አባታችን የመጣ ነው። ባለፈው ጁሙዓ ሶላቱ አልቆ ሰው ሁሉ ጫማውን ሲፈልግ እሳቸው ወደ ኋላ ቀርተው ጠበቁን። «ልጆቼ፣ ሰዎች ጠርተውኝ ነበር። መስከረም 27 በቀበሌ ለሚደረገው የመጅሊስ ምርጫ ዕጩ ሁን ብለውኛል። እኔ ለዚህ እበቃለሁ ወይ?» አሉን። ስማቸውን አንጠራም። አሁን ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል፤ ነገሩን እንድናነሣውም ፈቅደውልናል።

ያን ዕለት መልስ አልሰጠናቸውም። «እናስብበት» ብለን ተለያየን። እውነቱን ለመናገር መልሱ አፋችን ላይ ነበር። የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጊዳችን ይሁን ብለን ስንት ጁሙዓ ድምፃችንን ያሰማን ሰዎች ነን። ግን እሳቸው የጠየቁን «ምርጫው ልክ ነው ወይ?» ብለው አይደለም። «እኔ እበቃለሁ ወይ?» ነው ያሉት። ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መፈክር አይመልሰውም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ኪታብ ያላቸውን ጠየቅን፣ ሕግ የሚያውቁትን ጠየቅን፣ እርስ በርሳችንም ተከራከርን። ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል።

ከዲናችን እንጀምር። ሹመት አማና ነው። አማናን የሚሸከም ሰው ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) መድየን ደርሰው የሁለቱን ሴቶች ከብቶች ካጠጡ በኋላ፣ ከሁለቱ አንዷ አባቷ እንዲቀጥሯቸው ስትመክር ያነሣችው ብርታታቸውንና ታማኝነታቸውን ነው። ነቢዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) የግብጽን ግምጃ ቤት ልያዝ ሲሉ ያቀረቡት ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን ነው። በሁለቱም ቦታ ጎሣ አልተጠቀሰም፤ ሀብትም አልተጠቀሰም። ብርታት ስንል ደግሞ የክንድ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውን ሥራ መቻል ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ለዱንያ ግድ የሌላቸው ታላቅ ሰሓባ ነበሩ። ሹመት ቢጠይቁ ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለዚህ ሸክም ደካማ መሆናቸውንና ነገሩ አማና መሆኑን ነግረው መለሷቸው። ደግነት ብቻውን አልበቃም። በአንጻሩ ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሆነው ታላላቅ ሰሓቦች ያሉበትን ጦር እንዲመሩ ተሾሙ። በዕድሜያቸው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሹመቱን አጸኑት። ወጣትነት ብቻውን አላስቀራቸውም። ይህን የምንናገረው እዚህ ያሉት ወጣቶች ለሽማግሌ ብቻ የተተወ ነገር እንዳይመስላቸው ነው፤ ሽማግሌዎቻችንም እንዳይቀየሙን።

ሰውን በምን እንወቀው? ስለ ዑመር (ረ.ዐ) እንዲህ ተብሎ ይተረካል። አንድ ሰው ለሌላው ሰው ጥሩነት ሊመሰክር ፊታቸው ቀረበ። ጎረቤቱ ነህ? ብለው ጠየቁት። አይደለሁም አለ። አብረኸው መንገድ ሄደሃል? አልሄድኩም። በገንዘብ ተገበያይታችኋል? አልተገበያየንም። እንግዲያው አታውቀውም፤ መስጊድ ውስጥ ጎንበስ ቀና ሲል አይተኸው ይሆናል አሉት።

ይህን ለአረርቲ እንተርጉመው። ሽምብራና ጤፍ ሲገዛ ሚዛኑን ማን ያያል? የሚሸጥለት ገበሬ ያያል። ሽንኩርት ጭኖ ሞጆ ድረስ ሲሄድ፣ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ላይ ሲያድር፣ ጠባዩን ማን ያውቃል? አብሮት ያደረው ያውቃል። ብድር ሲመልስ፣ ከጎረቤት ጋር በወሰን ሲጣላ፣ ሚስቱን ሲቆጣ ማን ይሰማል? አጥሩ የተያያዘው ይሰማል። የመስጊድ ሰው መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ግን ምስክርነቱ ከመስጊድ ውጭ ያለውን ኑሮ ካልጨመረ ጎዶሎ ነው። እኛም ይህን ይዘን ስለ አባታችን ጠየቅን። ሚዛናቸውን የሚያውቁ ገበሬዎችን ጠየቅን፤ አንዳንዶቹ ክርስቲያኖች ናቸው። አብረዋቸው የነገዱትን ጠየቅን። የዕድራቸውን አባላት ጠየቅን። ያገኘነው ምስክርነት እዚህ ቢነገር እሳቸውን ያሳፍራቸዋልና እንተወው። ባጭሩ ሰውየው ይበቃሉ።

አሁን ወደ አገሩ ሕግ እንምጣ። «ሕግ ምን አገባን» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባናል። ዘንድሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ የሚደረግበት ዓመትም ነው፤ ይህንንና የመጅሊሱን ምርጫ የሚያቀላቅል ሰው በየቡና ቤቱ ሞልቷል። የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ የመንግሥት ነው፤ በቀበሌ ቢደረግ ማንም አይገረምም። የመጅሊስ ምርጫ ግን የሃይማኖት ጉዳይ ነው። ሆኖም የመንግሥቱ ሕግ ስለ ዕጩ ምን እንደሚል ማየቱ ለሁለቱም ይጠቅመናል።

የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 532/1999፣ ለዕጩ የሚጠይቀው አጭር ነው። ኢትዮጵያዊ ይሁን። በሚመዘገብበት ጊዜ 21 ዓመት የሞላው ይሁን። የክልሉን ወይም የሚወዳደርበትን አካባቢ የሥራ ቋንቋ ይወቅ። የምርጫ ክልሉ ነዋሪ ወይም ተወላጅ ይሁን። የመመረጥ መብቱ በሕግ ያልተገደበ ይሁን። ለመምረጥ 18 ዓመት ይበቃል። በግሉ የሚወዳደር ሰው የነዋሪዎችን የድጋፍ ፊርማ ይዞ ይቀርባል። እንግዲህ ሃይማኖት አልተጠየቀም። ጾታ አልተጠየቀም። የትምህርት ማስረጃ አልተጠየቀም፣ ሀብትም አልተጠየቀም። ይህን ስናነብ አንድ ወንድማችን «እኔም እችላለሁ ማለት ነው?» ብሎ ደነገጠ። ዕድሜው 23 ነው፤ ሱቅ ይሠራል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዕጩነት የሌላ ሰው ነገር ይመስለው ነበር። እንደ እሱ ያለ ሰው ስንት እንዳለ እናንተው ቁጠሩ።

ሁልጊዜም እንዲህ አልነበረም። አባቶቻችን የሚያስታውሱት የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ዕጩ 25 ዓመት የሞላው፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ፣ በሚወዳደርበት ቦታም ነዋሪና ባለንብረት እንዲሆን ያዝዝ ነበር። የምርጫ ሕጉ የንብረቱን መጠን ወሰነ፦ የማይንቀሳቀስ ከሆነ 1,000 ብር፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ 2,000 ብር የሚያወጣ። በወረቀቱ ላይ «ሙስሊም አይወዳደርም» የሚል ቃል የለም። ግን በስንት የአገራችን ክፍል ሙስሊም ርስት አይዝም ነበር? ርስት የሌለው፣ ሸማ ሠርቶ ወይም ቆዳ ነግዶ የሚያድር ሰው 2,000 ብር በዚያ ዘመን ከየት ያምጣ? ጢሰኛ የሆነው ክርስቲያን ወንድማችንም ከዚያው ከደጅ ቀርቷል። መስፈርት የሚባለውን ነገር ስታዩ የተጻፈውን ብቻ አትዩ፤ ማንን በውጭ እንደሚያስቀር እዩ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት አንዱም ለዚህ ነው። 13 ጥያቄ ይዘው ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» አትበሉን፣ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ነን አሉ። በዓላችን ይከበር፣ በመንግሥት ሥራም ድርሻ ይኑረን አሉ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። መጅሊሱ ራሱ በ1968 የተቋቋመው ያ ትግል በከፈተው መንገድ ነው፤ በመሪነቱም ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ተቀመጡ። ቁርኣንን ወደ አማርኛ ከመለሱት አንዱ ናቸው። ዛሬ «ከመቼ ወዲህ ነው ሙስሊም ስለ ምርጫ የሚያወራው?» የሚለን ሰው ይህን ታሪክ ቢሰማ ጥሩ ነው።

የሚያሰፋ መስፈርትም አለ። ሕገ መንግሥቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ550 የማይበልጡ መቀመጫዎች ውስጥ ቢያንስ 20ው አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች እንዲሆን ይላል። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበር ግርጌ በአልዩ አምባና በሌላውም ቦታ አርጎባ ወንድሞቻችን አሉ፤ ይህ ነገር ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ ከእነሱ ጠይቁ።

የሚያከራክርም አለ። በ1992ቱ ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አንዳንድ ዕጩዎች የበርታን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከዕጩነት ተሠረዙ። ተከራከሩ። ነገሩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1995 የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ዘገየ፤ ምርጫው ካለፈ በኋላ መጣ። ያም ሆኖ ልብ በሉ፦ መስፈርቱ ተጽፏል፤ የተሠረዘው ሰው በምን እንደተሠረዘ ያውቃል፤ አቤት የሚልበት ቦታ አለ፤ ውሳኔውን ማንም ማንበብ ይችላል።

ታዲያ አባታችን «ዕጩ ሁን» ሲባሉ ምን ተነገራቸው? ጠየቅናቸው። መስፈርቱን በጽሑፍ አላዩም። ማን እንደጠቆማቸው አልተነገራቸውም። ከማን ጋር እንደሚወዳደሩ አልተነገራቸውም። ቢሠረዙ ለማን አቤት እንደሚሉም አያውቁም። «አንተ ሰላማዊ ሰው ነህ» ብቻ ነው የተባሉት። እኛስ? እኛም ሰላማዊ ነን። ዘጠኝ ወር ሙሉ በየመስጊዱ ተሰብስበን ድንጋይ አላነሣንም። እዚህ ላይ ግን «ሰላማዊ» የሚለው ቃል ሌላ ነገር የሚመዝን ይመስላል፤ እሳቸውም ይህ ነው ሌሊት እንቅልፍ የነሣቸው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የሰውየው ብቃት አንድ ነገር ነው፤ ወደ ዕጩነት ያወጣው ማን ነው የሚለው ሌላ ነው። ሁለቱም ካልተሟሉ ዕጩ የለም።

የዐቀባውን ሌሊት አስታውሱ። ከመዲና የመጡት 73 ወንዶችና ሁለት ሴቶች ቃል ሲገቡ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእነሱ ዘንድ 12 ተወካዮች እንዲኖሩ ፈለጉ። እሳቸው በወሕይ የሚመሩ ነቢይ ናቸው፤ ራሳቸው ቢሰይሙ ማን ይቃወም ነበር? ግን እናንተው ከመካከላችሁ አውጡልኝ አሏቸው። እነሱም ዘጠኝ ከኸዝረጅ፣ ሦስት ከአውስ አወጡ። ተወካዩ የሕዝቡ ስለሆነ የሚያወጣው ሕዝቡ ነው።

ዑመርም (ረ.ዐ) ቆስለው አልጋ ላይ ሳሉ ነገሩን ለስድስት ሰዎች ሹራ ሰጡ፦ ለዑስማን፣ ለዐሊ፣ ለጦልሓ፣ ለዙበይር፣ ለሰዕድና ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ፤ አላህ ሁሉንም ይውደድላቸው። ልጃቸው ዐብዱላህ በሹራው እንዲገኝ ፈቀዱ፤ ዕጩ እንዳይሆን ግን ከለከሉ። ዐብዱላህ አይበቃም ነበር? በዕውቀትም በተቅዋም ይበቃ ነበር። ግን የሚያወጣው እጅ የአባቱ እጅ ሊሆን ነው። ዐብዱረሕማን ደግሞ ሌላ ነገር አደረጉ። እኔ ራሴን ከዕጩነት አወጣለሁ፣ እናንተም ምርጫውን ለእኔ ተዉልኝ አሉ። የሚያስመርጥ ሰው ራሱ ተወዳዳሪ መሆን የለበትም ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ሌሊት በመዲና እየዞሩ ሰውን ጠየቁ። ታላላቆቹን ብቻ አልነበረም፤ ከውጭ የመጣውን መንገደኛ ጠየቁ፣ ሴቶችንም በየቤታቸው ሆነው ሐሳባቸውን ጠየቁ። ስልክ የለ፣ ወረቀት የለ።

ወደ ሕገ መንግሥቱ ተመለሱ። አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አንቀጽ 27 የሃይማኖት ተከታዮች የትምህርትና የአስተዳደር ተቋሞቻቸውን ማቋቋም እንደሚችሉ ይናገራል። እነዚህን ሁላችሁም በቃላችሁ ይዛችኋል፤ በየጁሙዓው ተደጋግመዋል። አንቀጽ 38ን ግን ብዙ አናነሣውም። እሱ የመምረጥና የመመረጥ መብት ነው። ስለ መንግሥት ሥልጣን ብቻ አይደለም የሚናገረው። በማኅበራትና በድርጅቶች ውስጥ ለኃላፊነት ቦታ የሚደረግ ምርጫም ነፃና ዴሞክራሲያዊ እንዲሆን ያዛል፤ በአራተኛው ንዑስ አንቀጽ ደግሞ ይህ ድንጋጌ የሕዝብን ጥቅም ሰፋ ባለ ሁኔታ በሚነኩ ሕዝባዊ ድርጅቶች ላይ ተፈጻሚ ነው ይላል። ሐጅ የምንመዘገብበት፣ ስለ መስጊዶቻችን የሚናገር፣ በስማችን ከመንግሥት ጋር የሚቀመጥ ተቋም የሕዝብን ጥቅም ካልነካ ምን ይነካል? ስለዚህ ነፃ ምርጫ ይደረግ ስንል ከሕግ ውጭ አልወጣንም።

«መስጊድም ሆነ ቀበሌ ያው ቤት ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» የሚል ወንድም አለ። እስቲ በቤታችን እንየው። መታወቂያ የምናወጣው ከቀበሌ ነው። ስኳርና ዘይት ሲመጣ የምንሰለፈው በቀበሌ በኩል ነው። የቦታ ጉዳይ፣ የንግድ ጉዳይ፣ የልጅ ሥራ ጉዳይ ሁሉ እዚያ ያልፋል። እዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆማችሁ፣ ነገ ለመታወቂያ የምትለምኑት ሰው እያየ፣ «እከሌን አልፈልግም» የምትል እናት ማን ናት? በእኛ ከተማ ሙስሊሙ ቁጥሩ ብዙ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። ድምፅ ሳይሰጥ የቀረውም፣ ሰጥቶ የወጣውም ይታወቃል። መስጊድ ውስጥ ግን ከጎንህ የተሰለፈው ሰው ትከሻውን ከትከሻህ አጋጥሞ ነው የሚቆመው፤ አይሰጥህም አይነሣህም።

ስለ ዕድር እናስታውሳችሁ። የዕድር ዳኛ ስንመርጥ ማን ይጠቁማል? አባላቱ። የት? አባላቱ በሚሰበሰቡበት። ቢያጠፋ ማን ያወርደዋል? ያው አባላቱ። ይህን ለሬሳ ሣጥንና ለድንኳን ጉዳይ ካወቅንበት ለዲናችን ጉዳይ እንዴት ይጠፋናል?

አሁን የሚከብደውን እንናገር። «ጥሩ ሰዎች ካልገቡ መጥፎዎች ይይዙታል፤ ወንበሩ ባዶ አይቀርም» የሚል ክርክር አለ። ቀላል ክርክር አይደለም። ከእኛም መካከል ሌሊቱን ሙሉ ይህን ይዘው የተሟገቱ አሉ፤ የሚሉትም ከፍርሃት አይደለም። እውነት ነው፣ መስከረም 27 አልፎ ወንበሩን ሌላ ሰው ይይዘዋል። በሚቀጥለው ጊዜ የመስጊድ ቦታ ጉዳይ ስናቀርብ፣ ሽማግሌ ወደ ሐጅ ለመላክ ስንሄድ፣ የምናገኘው ያንን ሰው ነው። ዋጋ ያስከፍለናል። ይህን ደብቀን «ምንም አንጎዳም» ብንላችሁ ዋሸን።

ግን አባታችን ገብተው ቢሆንስ ብለን አሰብን። አንድ ቀን ኢማም ይነሣ፣ መድረሳ ይዘጋ፣ ሰው ሁሉ ያልፈለገውን ሥልጠና ይውሰድ የሚል ወረቀት ፊታቸው ይመጣል። እንቢ ቢሉ ማን ከኋላቸው አለ? ጀመዓው አላወጣቸውም፤ ስለዚህ ጀመዓው ሊከላከልላቸው አይችልም። ያወጣቸው ሰው ያወርዳቸዋል፤ ወይም ይፈርማሉ። አርባ ዓመት ያቆዩት ስም በአንድ ፊርማ ይሄዳል። አወሊያ መምህራን ሲሰናበቱ ያየነው ይህንን ነው፤ በስማችን የተቀመጠው መጅሊስ ለእኛ መልስ የመስጠት ግዴታ አልተሰማውም። ክፋት ይሁን አይሁን እንተወው፤ ወደ ወንበሩ ያመጣው በር የእኛ በር አልነበረም።

ሌላውን ዓይነት ዕጩ ደግሞ አይተናል። በአወሊያ ግቢ ሕዝቡ ከመካከሉ 17 ሰዎች አወጣ። ከየአካባቢው ፊርማ ተሰብስቦ ውክልና ተሰጣቸው፤ እኛም ከዚህ ፈርመናል። ሦስት ጥያቄ ይዘው ሄዱ፦ አሕባሽ በግድ አይጫንብን፣ መጅሊሱ በምርጫ ይተካ፣ አወሊያ ነፃ በሆነ ቦርድ ይመራ። ከመካከላቸው ከሐምሌ ጀምሮ የታሰሩ አሉ። ታስረውም የእኛ ናቸው፤ እስር ቤት ያለ ሰው ሹመት የለውም፣ ውክልናው ግን አልተነሣም። አላህ ያስፈታቸው። በሉ አሚን።

ለወጣቶች አንድ ነገር አለን፤ ይህን ጮክ ብለን እንናገር። ቀበሌ ተጠርቶ የሄደን ሽማግሌ «ከሃዲ» ያላችሁ አላችሁ። በአንድ አባት ሱቅ በር ላይ ወረቀት የለጠፈም አለ። ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ እሱም ያውቃል። ነገ ሄዶ ወረቀቱን ያነሣል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። ሰውየው ተጠራ እንጂ ራሱን አልሸጠም። ልጁ ሥራ የሚፈልግ፣ ቤቱ በኪራይ የሆነ ሰው «አልሄድም» ለማለት ምን ያህል እንደሚከብደው የሃያ ዓመት ልጅ አያውቀውም። ደግሞም መስከረም 27 ማንም ሰው ወደ ቀበሌ የሚሄድን ሰው መንገድ ላይ አያቆምም፣ አይሰድብም፣ ፎቶ አያነሣም። አንሄድም ማለት የእኛ መብት ነው፤ የሚሄደውም መብቱ ነው። ነፃ ምርጫ የጠየቅን ሰዎች ሌላውን አስገድደን ልናስቀር አንችልም።

እኛ ምን እናድርግ? ቤታችን ተቀምጠን ማማረር አይበቃም። የዚህ መስጊድ ኮሚቴ የቆየ ነው፤ ከአባላቱ ሁለቱ ከተማውን ለቀዋል፣ አንዱ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ይህን ኮሚቴ እንደምንፈልገው አድርገን እንምረጥ። ከአዲስ አበባ ትእዛዝ አንጠብቅም፤ በእጃችን ያለው ይኸው ነው። የተስማማንበት ይህ ነው።

ከነገ ጀምሮ መስፈርቱ በመስጊዱ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፋል። ዕጩ 21 ዓመት የሞላው ይሁን፤ ዕድሜውን ከአገሩ ሕግ ወስደነዋል። ጀመዓችን ውስጥ የሚሰግድ ይሁን። ሦስት ሰዎች ይመስክሩለት፦ አንድ ጎረቤት፣ አንድ አብሮት የነገደ ወይም የሠራ፣ አንድ አብሮት መንገድ የሄደ። ከሦስቱ አንዱ ዘመዱ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ አይችሉም። ራሱን የሚጠቁም ሰው አንቀበልም፤ ሌሎች ይጠቁሙት፣ እሱም ይቀበል ወይም ይለፍ። የሚያስመርጡት አምስት ሰዎች አይወዳደሩም። ከዕጩነት የተሠረዘ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ጁሙዓ ተነሥቶ በጀመዓው ፊት መከራከር ይችላል።

ስለ ሴቶች ትንሽ ተጨቃጭቀናል፤ አንደብቃችሁም። «በሴቶች በኩል ያለውን ባሎቻቸው ይንገሩን» ያለ ነበር። የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ነገር ሲነሣ ዝም አለ። ሴቶች በራሳቸው በኩል ይመዘገባሉ፣ በራሳቸው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከአስመራጮቹም ሁለቱ ከእነሱ ናቸው።

ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ወረቀት ቢሰጣቸው ለሌላ ሰው ሊያስጽፉ ነው፤ ምስጢሩ ይጠፋል። ስለዚህ ከመጋረጃ ኋላ ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ ቆርቆሮ ይቀመጣል፤ በላዩም ፎቶው ይለጠፋል። ለእያንዳንዱ መራጭ የሽምብራ ፍሬ ይሰጠዋል፤ የፈለገው ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። የሽምብራ አገር ሰዎች ነን፤ ተመራማሪዎችም አንዱን የሽምብራ ዝርያ «አረርቲ» ብለው ሰይመውታልና አያሳፍረንም። ድምፁ እንዳይሰማ ቆርቆሮው ውስጥ ጨርቅ ይነጠፋል። ይህን ያሰቡት አንዲት እናት ናቸው። ቆጠራው ሰው ሁሉ እያየ እዚሁ ምንጣፍ ላይ ነው።

የጀመርነው በአባታችን ጥያቄ ነበር። ትናንት ማታ ያገኘነውን ሁሉ ነገርናቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያው ጻፉልኝ» ብለው ለጠሯቸው ሰዎች የሚሰጡትን መልስ ነገሩን፤ እኛ ጻፍን፣ እሳቸው ፈረሙ። ለክብሩ እንደሚያመሰግኑ፣ ነገር ግን ሚዛናቸውን የሚያውቁ ሰዎች በመስጊድ ካልጠሯቸው በስተቀር በሙስሊሙ ስም መቀመጥ እንደማይችሉ ይናገራል። ቁጣም የለበት፣ ስድብም የለበት። ነገ ጠዋት ራሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ብቻቸውን መሄድ ይፈልጋሉና ማንም አይከተላቸው።

የመራጮች ምዝገባ ቅዳሜ ከፈጅር ሶላት በኋላ እዚሁ ይጀመራል፤ የሴቶች በሴቶች በር በኩል ነው። መጋረጃ ያለው ሰው ያምጣ። ንጹሕ ባዶ ቆርቆሮም ስድስት ያስፈልገናል።

ሙአዚኑ እየጠበቁን ነው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።